ግማሽ የተቀዳው ሲኒ

«ለእንግዳ ያልቀረበ ነገር ሁሉ ተሸፍኖ ይቀመጥ» የሚለውን ደንብ ያወጣው ራሱ ኤሴንቤክ ነበር። አሁን እሱም በነጭ የጠረጴዛ ልብስ ተሸፍኖ በመስኮቱ ሥር ተጋድሟል። ከጨርቁ ውጭ የቀሩት ጫማዎቹ ብቻ ናቸው። ቡሩል እነዚያን ጫማዎች ላለማየት የቻለችውን ያህል ትጥራለች፤ ዓይኗ ግን ዞሮ ዞሮ እዚያው ይመለሳል።

በአክ ቤል የበረዶ መንሸራተቻ አናት ላይ ያለው ካፍቴሪያ የሚከፈተው ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ነው። ኤሴንቤክ የወደቀው ለአራት ሩብ ጉዳይ ሲሆን፣ በሩ ገና ከውስጥ እንደተቆለፈ ነው። መጀመሪያ «ከንፈሬ ደነዘዘ» አለ። ቀጥሎ ምላሱን በጣቱ ነካካ፤ ከወንበሩ ሊነሳ ሲል ጉልበቱ ከዳው፤ ስልኩን እንኳ ሳይዘጋ ወለሉ ላይ ተዘረረ። የተራራው ነፍስ አድን ሠራተኞች በበረዶ ሸርተቴያቸው እየበረሩ ደርሰው ደረቱን ቢጫኑትም ልቡ አልመለስ አለ። ከመካከላቸው ሐኪም የሆነው ወጣት ጠረጴዛው ላይ የቀረውን ሲኒ አሸተተና ፊቱ ተለወጠ።

«ማንም ሰው ምንም ነገር እንዳይቀምስ!» ብሎ ጮኸ። ከዚያም ነፋሱ እየበረታ ስለነበር ተራራው ላይ ያሉትን እንግዶች ሊሰበስቡ ወጡ።

ካፍቴሪያው ውስጥ አራት ሰዎች ቀሩ። ሥጋና ሽንኩርት የተሞላው ሳምሳ ከምድጃ እንደወጣ በመስታወቱ ሳጥን ውስጥ ይቀዘቅዛል፤ በአዳራሹ ጫፍ ያለው ትልቁ የሻይ ማፍያ ይንተከተካል፤ ወደ አንዳቸውም እጁን የሚሰድ የለም። ቡሩል ጠምቷታል። የቧንቧውን ውሃ ልትጠጣ ብርጭቆ አነሳችና ብርጭቆውን ማን እንደነካው ስላላወቀች መልሳ አስቀመጠችው። ከእነዚህ ሰዎች ጋር ሁለት ክረምት አብራ በልታለች። ዛሬ ግን ከመካከላቸው አንዱ መርዝ የያዘ እጅ አለው፤ የማን እንደሆነ አታውቅም።

ከዚህ የባሰው ፍርሃቷ ግን ሌላ ነው። ለኤሴንቤክ ሻይ ያቀረበችው እሷ ናት።

ትናንት በምሳ ሰዓት ደግሞ አዳራሹ ሙሉ ሰው እያየ አዋርዷታል። ኤሴንቤክ ከዋና ከተማ የተላከ ተቆጣጣሪ ነው፤ ምግብ እንዴት እንደሚያዝና እንግዳ እንዴት እንደሚስተናገድ ሊያሠለጥናቸው ከመጣ ሁለት ወሩ ነው። የቀዳችውን ሲኒ ከእንግዳው ፊት አንስቶ ለሰው ሁሉ አሳየ።

«ይሄ ምንድን ነው? ግማሽ ሻይ? እንግዳው ግማሹን ነው እንዴ ቤቱ ትቶ የመጣው?»

«በእኛ ወግ እኮ ሙሉ ከቀዳንለት ጠጥተህ ውጣ ማለት ነው» አለች ቡሩል። «ትንሽ ትንሽ እየቀዳን ስንደግምለት ነው ያከበርነው።»

«ወጉን እኔም አውቃለሁ፤ ከሰማይ አልወረድኩም። እንግዳው ግን የውጭ አገር ሰው ነው። እስከ አፉ ሙዪው! አውራ ጣትሽንም ከሲኒው ውስጥ አውጪ፤ የጣት ቅቅል አላዘዘም።»

ሰዉ ሳቀ። እሱ ሳይስቅ፣ «ነገ አንዲት ስህተት ባይ ዕቃሽን ይዘሽ ትወርጃለሽ» አላት። ይህን ያልሰማ ሠራተኛ የለም። ቡሩል ባሏ ከሞተ ወዲህ የአራት ዓመት ልጇን ሜሪምን የምታሳድገው በዚህ ሥራ ነው። ወህኒ ብትወርድ ሜሪም ማን ዘንድ ታድራለች?

እትዬ ሳትኪን ቀስ ብላ አጠገቧ ቆመች። ዕቃ አንሺና አጣቢ ናት፤ ሃምሳ አምስት ዓመቷ ነው፤ ቀይ የሱፍ ሻርፕ ከአንገቷ ተለይቶ አያውቅም። በእጇ የቡሩልን ትከሻ ነካ አደረገቻት።

«አይዞሽ ልጄ። አንቺን ምንም አያገኝሽም።»

«እርስዎ ምን ያውቃሉ እትዬ! ያቀረብኩለት እኔ ነኝ እኮ!»

«ምንም አያገኝሽም አልኩሽ» አለችና ወደ ማጠቢያ ክፍሏ ተመለሰች።

* * *

አራት ሰዓት ተኩል ላይ በሩ ተንኳኳ። የገባችው አጭር፣ ወፈር ያለች፣ ከቆቧ እስከ ቦት ጫማዋ በረዶ የለበሰች ሴት ናት። በሩን በጀርባዋ ገፍታ ዘጋችው።

«ኢንስፔክተር ዙራ እባላለሁ። የመጣሁባት የገመድ መኪና የመጨረሻዋ ናት፤ ነፋሱ እስኪበርድ ገመዱ ቆሟል። እናንተም እኔም፣ እዚያ የተኛውም የትም አንሄድም።» የበረዶ ካፖርቷን አራገፈችና በመስታወቱ ሳጥን ውስጥ አጮለቀች። «ቁርስ አልበላሁም። ይህን ሳምሳ ማን ነክቶታል?»

«እኔ ብቻ ነኝ፤ እሱንም በመቆንጠጫ» አለ ወጥ ቤቱ ጌናዲ። ጌናዲ ስድሳ ዓመት ያለፈው ሩሲያዊ ነው፤ ጉልበቱን ስለሚያመው ሁልጊዜ አንድ ነገር ተደግፎ ነው የሚቆመው።

«በመቆንጠጫ ከሆነ ደግ።»

«ኢንስፔክተር፣ እባክዎን!» ብሎ የካፍቴሪያው ኃላፊ ማምቤት ተንደረደረ። ዙራ ግን ገምጣለች። አራቱም ሰዎች አፏን፣ ጉሮሮዋን፣ እጇን ተራ በተራ አዩ። ቡሩል በልቧ እስከ ሃያ ቆጠረች። ዙራ ጣቷን ላሰችና፣ «ሽንኩርቱ በዝቷል» አለች።

ከዚያ ወደ መስኮቱ ሄዳ ሬሳውን ገለጥ አድርጋ አየች። ከጠረጴዛው ላይ ሲኒውን በመሐረብ ይዛ አነሳችና ወደ ብርሃኑ አቅንታ ከውስጥም ከውጭም እያዟዟረች ረጅም ጊዜ ተመለከተችው። የቀረችውን ጠብታ አሸተተች። «የተራራ ሥር» አለች። «አያቴ በቮድካ ዘፍዝፋ ወገቧን ትቀባው ነበር። በጣታችን ነክተን ብንልስ እንደምንሞት እየነገረች ነው ያሳደገችን። እዚህ ቤት ጉልበቱን የሚያመው ማን ነው?»

ሁሉም ጌናዲን አዩ። ፊቱ ከወለሉ ንጣፍ የባሰ ነጣ።

«አንቺ አስተናጋጇ» አለች ዙራ ወደ ቡሩል ዞራ፣ «ከአጠገቤ እንዳትርቂ።»

ቡሩል ሙሉ በሙሉ እንደተያዘች ቆጠረችው። የምትሆነውን አጥታ ከመርማሪዋ ኋላ እየተከተለች የሚባለውን ሁሉ ትሰማ ጀመር።

«ጠርሙሱስ ጋሽ ጌናዲ?» አለች ዙራ ወጥ ቤት ገብታ።

«የምን ጠርሙስ?»

«የጉልበትህ ነዋ። ወይስ በጸሎት ነው የምትታከመው?»

ጌናዲ የምድጃውን ጠርዝ ተደገፈ። «በመስኮት ወረወርኩት» አለ። «ፈራሁ። ሰውየው ሲወድቅ ሮጬ ጠርሙሱን ሳየው ግማሽ ጎድሏል። እኔ ለአንድ ወር የማብቃቃው ነበር። ማን ያምነኛል? መድኃኒቱ የኔ፣ ወጥ ቤቱ የኔ!»

«የት ነበር የተቀመጠው?»

«ከማጠቢያው በር በላይ ባለው መደርደሪያ ላይ። የማያውቀው የለም። ሁሉም እየመጣ ነው ሽታውን የሚሰድበው።»

«ኤሴንቤክ ሲወድቅ አንተ የት ነበርክ?»

«እዚሁ። የዚችን ልጅ እጅ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ይዤ።»

ዙራ የቡሩልን ቀኝ እጅ ሳብ አደረገች። አውራ ጣቷ ላይ ውሃ የቋጠረ ቃጠሎ አለ። «ይሄ ምንድን ነው?»

«ሻዩ ፈሰሰብኝ» አለች ቡሩል። «ሲኒውን ጠረጴዛው ላይ ሳስቀምጥ ነው። እሱ ቀና ብሎም አላየኝ፤ ስልክ እያወራ ነበር። 'አውራ ጣት' ብቻ አለኝ። እኔ እያለቀስኩ ወደዚህ ሮጥኩ። ጋሽ ጌናዲ እጄን ውሃ ውስጥ ከተተልኝ። ትንሽ ቆይቶ 'ሻይ!' ብሎ ሲጣራ ሰማሁት። ጓንት ቀይሬ፣ ማንቆርቆሪያውን ይዤ እስከ ወጥ ቤቱ በር ብወጣ ሲኒው ፊቱ ነው፤ እየጠጣ ነው። ራሱ የቀዳ መስሎኝ ተመልሼ እጄን ውሃው ውስጥ ከተትኩ። ከዚያ… ከዚያ ወደቀ።»

«እም» አለች ዙራ። ቡሩል ያቺን «እም» እንደ ፍርድ ቃል ሰማቻት።

ማምቤት ቢሮው ከአዳራሹ በላይ ነው፤ በመስታወት ሁሉን ያያል። ላብ በላብ ሆኗል። «ኤሴንቤክ ቤቱን ሊያዘጋው ሪፖርት ጽፎ ነበር፤ አልደብቅም፣ አልወደውም ነበር» አለ። «ግን ኢንስፔክተር፣ ጠዋቱን ሙሉ አዳራሹን ሳይ ነበር። ወደ ጠረጴዛው የሄደ ማንም የለም። ቡሩል ብቻ!»

«እርግጠኛ ነህ?»

«በልጆቼ እምላለሁ። ሻይ ይዛ ሄደች፣ እያለቀሰች ተመለሰች። ከዚያ እሱ እስኪወድቅ ማንም አልቀረበውም።»

ቡሩል ግድግዳውን ያዘች። ማምቤት ክፉ ሰው አይደለም፤ ያየውን ነው የተናገረው፤ ይህ ደግሞ ይበልጥ አስፈራት።

የማጠቢያው ክፍል መግቢያ ወለል ላይ ቀይ መስመር ተቀብቷል። ይህም የኤሴንቤክ ሥራ ነው፤ ከመስመሩ ወዲህ ንጹሕ፣ ከመስመሩ ወዲያ ቆሻሻ። የቆሸሸ ዕቃ የሚያነሳ እጅ ለሰው የሚቀርብ ነገር አይነካም፤ ምግብ የሚያቀርብም ማጠቢያ ክፍል አይገባም። ዙራ መስመሩን ተሻገረች። ቡሩል ግን እግሯ አልታዘዝ ብሏት መስመሩ ላይ ቆመች።

«ሥራ በዛብሽ?» አለች ዙራ።

«የምን ሥራ» አለች ሳትኪን። «ቤቱ ሳይከፈት ማን በልቶ። ዛሬ አንድ ዕቃ አላጠብኩም፤ ከጠረጴዛም ምንም አላነሳሁም።»

«ምግብ አካባቢስ?»

«እኔ ከቆሻሻው ወገን ነኝ። ከመስመሩ ወዲያ ያለው አይመለከተኝም።»

ዙራ በተደረደሩት ሲኒዎች አጠገብ ስታልፍ እጇን እያሳለፈች ነካካቻቸው። ስትወጣ የጣቶቿን ጫፍ በልብሷ ጠረገች። ቡሩል ይህን አየች፤ ለምን እንደሆነ ግን አልገባትም።

* * *

ነፋሱ መስኮቶቹን እየደበደበ ነው። ከውጭ የተንጠለጠሉት የገመድ መኪናዎች ሲወዛወዙ ብረቱ ይጮኻል። ዙራ በአዳራሹ መካከል ካለው ረጅም ጠረጴዛ ተቀመጠች።

«በረደኝ» አለች። «ሻይ ስጡኝ። ከእያንዳንዳችሁ አንዳንድ ሲኒ።»

እርስ በርስ ተያዩ።

«ሊጠጡት ነው?» አለ ማምቤት።

«ሻይ ሌላ ምን ይደረጋል? ጋሽ ጌናዲ፣ ካንተ እንጀምር።»

ጌናዲ እያነከሰ ወደ ማፍያው ሄደ። ወተት የተቀላቀለውን ሻይ እስከ አፉ ሞልቶ፣ መንገዱን ሙሉ እያንጠባጠበ አመጣው። «ሰው ሲጠጣ አይቆጠብም» አለ። ሊቀልድ ፈልጎ ነበር፤ ድምፁ ግን ተሰበረ። ዙራ ፉት አለችለት።

ማምቤት ተራው ሲደርስ «ቡሩል፣ ቅጂልኝማ» አለ።

«አንተ ራስህ» አለች ዙራ።

«እኔ እኮ ሻይ ቀድቼ አላውቅም፤ ቤቴም ሚስቴ ናት…» አፈረ። የማፍያውን ቧንቧ ሲከፍት በዛበት፣ ሲዘጋ ዘገየበት፤ ሲኒውም ከነመቀመጫው በሻይ ተጥለቀለቀ።

ቡሩል በተማረችው መሠረት ጣቷን ከሲኒው አፍ አርቃ እስከ ጫፍ ሞላች። ሁለት ወር ሙሉ እየተጮኸባት የለመደችው ነው። ዙራ ይህንም ቀመሰችው።

«እትዬ ሳትኪን፣ ያንቺ ቀረ።»

«እኔ ምግብ አልነካም።»

«ደንብ አውጪው ሞቷል። በረደኝ አልኩሽ እኮ።»

ሳትኪን እጇን በሽርጧ ጠረገች። ሲኒ አነሳች፣ ቀዳች፣ ግራ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ በቀኟ ለዙራ ዘረጋችላት። ቡሩል የዙራ ከንፈር ሲኒውን እስኪነካ ትንፋሿን ዋጠች። «እንዳይጠጡት!» ልትል ፈለገች፤ ማንን እንደምትጠረጥር ግን እሷም አታውቅም። ዙራ ጠጣችና አራቱን ሲኒዎች በፊቷ ደረደረች።

«ጠዋትም እንዲህ ነው የቀዳሽለት?» አለች የቡሩልን ሲኒ እያመለከተች።

«አዎ። እስከ አፉ። እግዜር ምስክሬ ነው!»

«ጣትሽም ምስክርሽ ነው። ተቀመጡ ሁላችሁም።»

ተቀመጡ። ከአጠገባቸው በመስኮቱ ሥር የኤሴንቤክ ጫማዎች ይታያሉ።

«የዚህ አገር ሻይ ቅባቱ ወፍራም ነው» ስትል ጀመረች ዙራ። «ወተቱ ሲኒው ላይ መስመር ጥሎ ይሄዳል። ቡሩል ሲኒውን እስከ አፉ ሞልታው ነበር። እንዴት አወቅሁ? ግማሽ የተቀዳ ሻይ ፈስሶ ጣት አያቃጥልም። ስለዚህ የሷ ሲኒ የወተት መስመር ያለበት ከጫፉ ነው።» በመሐረብ የጠቀለለችውን ሲኒ ገለጠችው። «ሟቹ ፊት የተገኘው ግን ይሄ ነው። መስመሩን እዩት፤ ልክ መካከሉ ላይ። በጠጣበት በኩል ብቻ አንድ ጭረት ወደ አፉ ወጥቷል፤ ከመስመሩ በላይ ያለው ዙሪያው ግን ሻይ ነክቶት አያውቅም። ይህ የቡሩል ሲኒ አይደለም።»

ቡሩል የሰማችውን ለማመን አልቻለችም። ከዓይኗ እንባ ዱብ ዱብ አለ።

«ራሱ ቀድቶት ቢሆንስ?» አለ ጌናዲ።

«ትናንት ስለ ግማሽ ሻይ ሰው ያዋረደ ሰው ለራሱ ግማሽ ይቀዳል? የለም። ሌላ ሰው ነው የቀዳለት። የመጀመሪያው ሲኒስ የት ገባ? እግር የለው! ማምቤት፣ ወደ ጠረጴዛው የሄደው ማን ነው አልከኝ?»

«ቡሩል ብቻ። ማንም…»

«እስቲ ደህና አድርገህ አስብ። ዕቃ ሊያነሳ የሄደስ?»

ማምቤት አፉን ከፈተ። «እሱማ… እትዬ ሳትኪን ጋሪዋን እየገፋች አልፋለች። ግን እሷ እኮ ዕቃ ልታነሳ ነው!»

«አየህ? አልዋሸኸኝም፤ አልቆጠርካትም። የሚያመጣውን ሰው ሁሉም ያያል፤ የሚያነሳውን ግን የሚያይ የለም። ኤሴንቤክም የቡሩልን ሲኒ ስታነሳበት አላያትም። ስልክ እያወራ፣ 'ሻይ' ብሎ እጁን ሲዘረጋ በጋሪዋ ያመጣችለትን ሌላ ሲኒ አገኘ፤ ጠጣ።»

ጌናዲ ቀስ ብሎ ከሳትኪን ራቅ አለ። ሳትኪን አልተንቀሳቀሰችም። ሁለት እጆቿን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ቀዩን መስመር ትመለከታለች።

«ዛሬ አንድ ዕቃ አላጠብኩም ብለሽኛል» አለች ዙራ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «መደርደሪያሽ ላይ ያሉት ሲኒዎች ሁሉ ትናንት የደረቁ ናቸው። አንዱ ብቻ ገና እርጥብ ነው። ከኤሴንቤክ በቀር ማንም ባልጠጣበት ጠዋት የታጠበ አንድ ሲኒ። ቡሩል ቀዩን መስመር አትሻገርም፤ አሁን እንኳ ስትከተለኝ መስመሩ ላይ ቀርታለች። ጠርሙሱም ከራስሽ በር በላይ ነበር። ይህን ሁሉ ይዤም እርግጠኛ አልነበርኩም፤ ስለዚህ ሻይ ለመንኳችሁ።» አራተኛውን ሲኒ ወደ ፊት ገፋ አደረገችው። ሌሎቹ ሦስቱ ጫፋቸው ድረስ የወተት መስመር አለባቸው። የሳትኪን መሐሉ ላይ ነው። «ልትገድዪው ነው የቀዳሽለት፤ እጅሽ ግን እንግዳ ሲያከብር የኖረ ነውና እንደ ክቡር እንግዳ ቀዳለት።»

ሳትኪን ዓይኗን አንስታ ዙራን አየቻት።

«እኔና አንቺ ተያይተናል» አለች ዙራ።

«ገና ከበሩ ስትገቢ አውቄሻለሁ» አለች ሳትኪን። «በሸለቆው ሆስፒታል ኮሪደር። የልጄን ሻርፕ አንቺ ነሽ የሰጠሽኝ።» ቀዩን ሱፍ በጣቷ ነካች። ከዚያ ለቡሩል እንጂ ለማንም በማትናገርበት ድምፅ ቀጠለች። «ጉልዛት ትባላለች። እንዳንቺ አስተናጋጅ ነበረች፤ ከተራራው ማዶ ባለው ሌላ መንሸራተቻ። ያኔ እዚያ አለቃዋ ኤሴንቤክ ነበር። የመጨረሻዋ የገመድ መኪና ላይ ስድስት ባዶ ቦታ እያለ 'ሠራተኛ ከእንግዳ ጋር አይሳፈርም' አላት። ጠብቁኝ ብላ ለመነች። መኪናዋ ግን ትታት ወረደች። በእግሯ ስትመጣ ጨለማና በረዶ ያዛት። በሦስተኛው ቀን ነው የተገኘችው።»

ማምቤት ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

«ሁለት ወር አብሬው ሠራሁ» አለች ሳትኪን። «አንድ ቀን ስምሽ ማነው አላለኝም። ዕቃ አንሺ ነው የሚለኝ። ቢጠይቀኝ… እኔ እንጃ። ትናንት 'ዕቃሽን ይዘሽ ትወርጃለሽ' ሲልሽ፣ ጉልዛትን ሲላት ቆሜ የምሰማ መሰለኝ።»

«እኔስ?» አለች ቡሩል። እንደዚያ ትጮኻለች ብላ አላሰበችም። «እኔን አስረው ሲወስዱኝ ዝም ሊሉ ነበር? ሜሪምን ያውቋታል! ካልሲ ሠርተውላታል እኮ እትዬ!»

«ዝም አልልም ነበር። ሊወስዱሽ ሲነሱ እናገራለሁ ብዬ ነበር።» ሳትኪን የሻርፑን ጫፍ ጨበጠች። «ግን ጠዋቱን ሙሉ አፌ አልከፈት አለኝ። ፈራሁ ልጄ። ስትንቀጠቀጪ እያየሁሽ ፈራሁ። እሱን አልጸጸትበትም፤ ይሄን ግን ይቅር በይኝ።»

በቡሩል ውስጥ ቁጣውም ኀዘኑም እኩል ተነስተው አንዱ ሌላውን አላስወጣ ብሎት ነበር።

* * *

ስምንት ሰዓት ገደማ ነፋሱ በረደ። የማምቤት ሬዲዮ አንቃጨለ። «ገመዱ መሥራት ጀምሯል» አለ። «አንዲት መኪና ብቻ ይለቃሉ፤ ከዚያ ለዛሬ ይዘጋሉ። ቶሎ ውጡ እያሉ ነው።»

ዙራ ካፖርቷን ለበሰች። ሳትኪን ሽርጧን ፈትታ፣ አጣጥፋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ከንፈሯ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ከጠዋት ጀምሮ ምንም አልቀመሰችም፤ አሁንም ለገዳይ ውሃ እንስጥ ያለ የለም።

ቡሩል ተነስታ ወደ ማፍያው ሄደች። አዲስ ጓንት አጠለቀች። ንጹሕ ሲኒ አወጣች፣ ቧንቧውን ከፈተች። ሁሉም የሲኒውን አፍ እያዩ ነው። ሙሉ ብትሞላው ፍርዷ እንደሆነ እዚህ ቤት የማይገባው የለም፤ ጌናዲ እንኳ ይገባዋል። ሻዩ መሐል ሲደርስ ዘጋችውና አመጣችላት።

ሳትኪን ሲኒውን አየች። «ሙሉ ብታደርጊው አይከፋኝም ነበር» አለች።

«ይጠጡና እደግምልዎታለሁ» አለች ቡሩል። «ይቅር አላልኩዎትም እትዬ። ግን ይጠጡ።»

የማምቤት ሬዲዮ እንደገና ጮኸ። «ሰዎቹ የት ደረሱ? ልንለቅ ነው!»

ዙራ ሬዲዮውን ከማምቤት እጅ ወሰደችና አፏን አስጠግታ ተናገረች።

«ጠብቁ። ሰው ቀርቷል።»

ሳትኪን በሁለት እጇ ይዛ ጠጣች። ቡሩል ደገመችላት፣ ሠለሰችላት፤ ሦስቱንም ጊዜ ግማሽ ግማሽ። የገመድ መኪናዋም በሯን ከፍታ ጠበቀች።